ብርና ሽልንግ እኩል ከሆኑ ኑሮውስ እኩል ነው?

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች መወያያ ላይ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሟል። አሁን አሁን መሃሉን ሳያነቡ ጫፉ ላይ የሚመልሱ ስለበዙ፣ እስካሁን የተባለውን በራሴ ቃል እዚህ ላስቀምጠው። ቁጥር 1፣ ቁጥር 2 የምለው መልሶቹ የተጻፉበትን ተራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ናይሮቢ ሥራ ተገኝቶለታል። ደመወዙ በሽልንግ ሲነገረን ቤተሰቡ ወዲያው በብር መቁጠር ጀመረ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ሁሉም ደስ አለው። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ገንዘብ እዚያ ምን ይገዛል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከ125 ብር ብዙም አይርቅም ነበር። የኬንያ ሽልንግ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለአንድ ዶላር 129 አካባቢ ነበር። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ አንድ ብርና አንድ ሽልንግ እኩል ለመባል ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ወዲህ ብሩ ወርዷል። ለማነጻጸር ግን ያ ወር ይመቻል፤ ማባዛት ማካፈል ሳያስፈልግ የሁለቱን ከተማ ዋጋ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። የጠየቅኩት ይህን ነው፦ ወንድሜ እዚያ ያለውን ኑሮ እንዲያውቅ የየትኛውን ዕቃ ዋጋ ይጠይቅ?

ቁጥር 1 የባንክ ሠራተኛ ነች። ሰላምታዋን ለሁሉም አድርሳ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መነሳቱ እንዳስደሰታት ጽፋ ጀመረች። ከዚያ ዘ ኢኮኖሚስት የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሚያወጣውን የቢግ ማክ መለኪያ አስረዳች። ማክዶናልድስ በየአገሩ አንድ ዓይነት ሳንድዊች ይሸጣል። ዳቦው፣ ሥጋው፣ አይቡ፣ የሠራተኛው ድካም፣ የቤት ኪራዩ ሁሉ ዋጋው ውስጥ አለ። ያ ሳንድዊች በዶላር ሲሰላ አንዱ አገር ርካሽ፣ ሌላው አገር ውድ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከአቅሙ በታች ወይም በላይ ተመንዝሯል ማለት ነው። ጥሩ አጀማመር ነበር።

ቁጥር 2 ግን ወዲያው መጣ። ማክዶናልድስ አዲስ አበባም ናይሮቢም የለም፤ ታዲያ ለማን ነው የሚጠቅመው? በሱ ቦታ ማኪያቶ እንውሰድ አለ። ማኪያቶ ሰፈራችን ውስጥ በየሕንጻው ሥር አለ፣ ዋጋውንም ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

ቁጥር 3 በትሕትና አረመው። ናይሮቢ ውስጥ ሕዝቡ ጠዋት የሚጠጣው በወተት የፈላ ሻይ ነው። ኬንያ ቡና ብታበቅልም አብዛኛውን ወደ ውጭ ትልካለች። እዚያ ማኪያቶ የሚጠጣው ጥሩ ካፌ ገብቶ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ረዳቱም ግንበኛውም ይጠጣል። ስለዚህ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የሚሸጠው ነገር አንድ አይደለም። መጽሔቱ ራሱ ህንድ ላይ ሲደርስ ይህ ችግር ገጥሞታል። ማክዶናልድስ እዚያ የበሬ ሥጋ ስለማይሸጥ በዶሮ የተሠራውን ማሃራጃ ማክ ነው የሚቆጥረው። ይህችን ምሳሌ ወድጃታለሁ። መለኪያ ሲመረጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ይበላዋል የሚለው ነው።

ቁጥር 4 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው በዕድሜ ገፋ ያሉ ይመስሉኛል። በደርግ ጊዜ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም እንደነበር አስታውሰው፣ ዛሬ ሦስት አኃዝ መድረሱ ብር መሞቱን ከማሳየት ሌላ ትርጉም እንደሌለው ጻፉ። ስለ ሳንድዊችና ማኪያቶ ማውራታችንም የሥራ ፈት ወሬ ነው አሉ።

ቁጥር 5 ለዚህ ረጅም መልስ ሰጠ። ጋሼ ብሎ ጠርቷቸው ነው የጀመረው፣ ግን አላለሳለሰላቸውም። 2.07 ለሃያ ዓመት ያህል በአዋጅ ተቸንክሮ የቆየ ቁጥር ነው። በ1985 መስከረም ወደ 5 ብር ሲዛወር የተቸነከረው ተነቀለ እንጂ በአንድ ሌሊት ኑሮው ከእጥፍ በላይ አልተበላሸም። በ2.07 ዶላር የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነበር። ደግሞም የቁጥሩ ትልቅነት ብቻውን ድህነትን አያሳይም። የጃፓን የን እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1971 ለአንድ ዶላር 360 ነበር፣ ጃፓን ግን በዚያው ዘመን ነው ያደገችው። ጋና እ.ኤ.አ. በ2007 ከገንዘቧ ላይ አራት ዜሮ ቆርጣ ጣለች፤ 10,000 አሮጌ ሲዲ 1 አዲስ ሲዲ ሆነ። በማግስቱ ግን ገበያ የወጣ ሰው ዘንቢሉ አልከበደም።

እኔ እዚህ ላይ ከቁጥር 5 ጋር ነኝ። ይሁንና የቁጥር 4ም ንዴት ከመሬት አልተነሳም። በዓመት ውስጥ ቁጥሩ ሲዘል ደመወዙ ባለበት የቆመ ሰው ምንዛሪውን ቢረግም አይፈረድበትም።

ቁጥር 6 አጭር ነው፦ እንጀራ ይሁን መለኪያው።

ከዚያ ቁጥር 7 መጡ። እኚህ እትዬ ከእኛ ብሎክ ሦስተኛው ላይ ባለው ሕንጻ እንጀራ ጋግረው ያከፋፍላሉ። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት የሳቸውን ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የትኛው ጤፍ የሚል ነበር። ማኛ አለ፣ ነጭ አለ፣ ሰርገኛ አለ፣ ቀይ አለ። በማኛና በቀይ መካከል ያለው የኩንታል ልዩነት ቀላል አይደለም። ወፍጮ ቤት ሲደረስ ደግሞ ሩዝ የሚቀላቅል አለ፣ ማሽላ የሚጨምር አለ። ሩዝ የገባበት እንጀራ ሲወጣ ነጭና የሚያምር ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቃል፣ ሲጠቀልሉት ይሰነጠቃል። ገዢው ጠዋት የሚያየው ንጣቱን ነው።

ቀጥለው ስለ መሳሳቱ ጻፉ። ጤፍ በጨመረ ቁጥር ዋጋ ቢጨምሩ ደንበኛ ይሸሻል። ስለዚህ ብዙ ጋጋሪ ሊጡን ያቀጥናል። ከምጣዱ ላይ ሲነሳ ወደ መስኮቱ አንስቶ ላየው ሰው ብርሃኑ በእንጀራው ዓይኖች ውስጥ ያልፋል። ዱሮ አራት እንጀራ የሚበቃው ቤት ዛሬ ስድስት ይገዛል፤ የአንዱ ዋጋ ግን ያው ነው። እሳቸው ራሳቸው ይህን ላለማድረግ ዋጋ ጨምረው ደንበኛ እንዳጡም ጽፈዋል። እንግዲህ አንድ ሰው ናይሮቢ ሆኖ የቱሉ ዲምቱ እንጀራ ስንት ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ዋጋውን ብንነግረው አልነገርነውም። ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ የጤፉን ዓይነት አብረን ካልነገርነው በቀር።

ለዚህ አድናቆት የሰጠው ብዙ ነው። ቁጥር 8 ብቻ እንጀራ ለሁለት አገር ማነጻጸሪያ አይሆንም ሲል ተከራከረ። ናይሮቢ ውስጥ ጤፍ የስደተኛና የሬስቶራንት ምግብ ነው። የእኛ እንጀራ ከነሱ ኡጋሊ ጋር ነው መቆም ያለበት፤ ማለትም ከበቆሎ ዱቄት ገንፎ ጋር። የበቆሎ ዱቄቱ በሁለት ኪሎ እሽግ ይሸጣል፣ የኬንያ ቤተሰብም ኑሮውን በዚያ እሽግ ነው የሚለካው። ስለዚህ ለወንድሜ የሰጠው ምክር ግልጽ ነው፦ እዚያ ሄዶ እንጀራ ካማረው ውድ ይሆንበታል፣ ኡጋሊ ከለመደ ይረክስለታል። ልክ ነው። ጾም ሲመጣ ግን ወንድሜ ምን እንደሚያምረው እኔ አውቃለሁ።

ቁጥር 9 የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሁለቱም አገር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ማቅጠንም መቀላቀልም የሌለበት ነገር ከተፈለገ ቤንዚን አለ ብሎ ቁጥር አመጣ። በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ እዚህ ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ናይሮቢ በዚያው ሰሞን 176 ሽልንግ ከምናምን ነበር። ብሩና ሽልንጉ እኩል ለመሆን በተቃረቡበት ወር ማለት ነው። በዚህ ከሄድን አዲስ አበባ ርካሽ ናት።

ቁጥር 10 ቁጥሮቹን ተቀብሎ መደምደሚያውን ውድቅ አደረገ። ቤንዚን ሁለቱም አገር ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ከመርከብ ሲወርድ ዋጋው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥሩት መንግሥታቱ ናቸው። ኬንያ በዚያን ጊዜ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትጥልበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሐምሌ ደግሞ ለመንገድ ጥገና በሊትር የምትወስደውን ከ18 ወደ 25 ሽልንግ አሳድጋለች። እኛ ጋ ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ነው፤ ድጎማውም በየደረጃው እየተነሳ ነበር። ስለዚህ የማደያው ዋጋ የሚያሳየው የታክስ ልዩነትን ነው እንጂ የገንዘቡን አቅም አይደለም። ሰልፉም ዋጋ እንደሆነ ጨምሯል፤ ማደያ በር ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሹፌር ሊትሩን የገዛው በ101 ብር አይደለም። ቁጥር 9 ይህን የመጨረሻውን ብቻ ተቀብሎ አመሰገነው።

ቁጥር 11 የኮሌጅ ተማሪ ነው መሰለኝ። እሱ ደግሞ ዋጋውን ትተን ድካሙን እንቁጠር አለ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 4,760 ብር ነበር። በዚህ ደመወዝ የሚገዛው ቤንዚን 47 ሊትር አይሞላም። ናይሮቢ ላይ የቀን ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ክፍያ በሕግ ከ16,000 ሽልንግ በላይ ነው፤ በዚያ 91 ሊትር ይገዛል። ሊትሩ እዚያ ውድ ነው፣ ሰውየው ግን እጥፍ ያህል ይቀዳል። እኔ ስጠይቅ የፈለግኩት ይህን ዓይነት ስሌት ነበር። ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ዘይቱም ስኳሩም የቤት ኪራዩም በዚህ መንገድ ሊሰላ ይችላል።

ቁጥር 12 ግን በጣም ሸነቆጠው። ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አነጻጽረሃል ነው ነገሩ። የእኛው የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ነው፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በአገራችን በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። የኬንያው ለሁሉም ቀጣሪ የወጣ ቢሆንም፣ ጁዋ ካሊ የሚሏቸው በየጎዳናው የሚሠሩ ሰዎች አይተውት አያውቁም። ቁጥሩን ሲጽፍ ይህን አለመናገሩ ሰው ማሳሳት ነው ብሎ ጨረሰ። የቃሉ ክብደት ከስሕተቱ በላይ ነበር። ልጁ ወዲያው በቁጥር 13 መልሶ፣ ነጥቡን ቢቀበልም የሚሰደብበት ምክንያት እንዳልታየው ጻፈ። እውነቱን ነው። እርማቱ ትክክል ነበር፣ አነጋገሩ ግን ወጣት ከመጻፍ የሚያስቀር ነው።

ቁጥር 14 እና 15 ስለ ውሃ ፈረቃ ናቸው። እዚህ ቦታቸው አይደለም፤ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ውሃ ያላገኘ ብሎክ ያገኘው መድረክ ላይ ሁሉ ቢጮህ አይገርምም። በጀሪካን የሚገዛ ውሃም ዋጋ አለው፤ የትኛውም ማነጻጸሪያ ውስጥ ግን አይገባም።

ቁጥር 16 ወደ ጉዳያችን መለሰን። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ነው። የፀጉር ማሽኑ ከቻይና ነው የሚመጣው። ምንዛሪው ሲንር የማሽኑ ዋጋ ናረ፣ ምላጩም ናረ። ፀጉር የሚቆርጥበትን ዋጋ ግን በዚያው ልክ መጨመር አልቻለም፤ በሩ ላይ ሌላ ፀጉር ቤት አለና። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ዋጋ ተቀምጧል ማለት ነው፦ ማሽኑ የዶላር፣ እጁ የብር። ይህን ነገር ሁለት ኢኮኖሚስቶች፣ ባላሳና ሳሙኤልሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ለየብቻቸው ጽፈውታል። ከአገር አገር የሚዘዋወር ዕቃ ዋጋው ይቀራረባል፤ የማይዘዋወር አገልግሎት ግን ደመወዝ ዝቅተኛ በሆነበት አገር ይረክሳል። ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ ፀጉር የሚቆርጠውም እንደኛው ሰው ያለ ማሽን ይይዛል፤ የሚለየው ለእጁ የሚከፈለው ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ርካሽ ናት የሚል እንግዳ ካለ፣ ረከሰልኝ የሚለው የዚህን ልጅ ድካም ነው።

ቁጥር 17 ከሪያድ የተመለሰች ሴት ነች። የጻፈችው ረጅም ነው፣ ክሩንም ወደ ሌላ ጎን ወሰደው። ደመወዟ 1,000 ሪያል ነበር። ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 ታስሯል፤ ስለዚህ ከ266 ዶላር ትንሽ ያልፋል። በ57 ሲመነዘር 15,200 ብር ገደማ፣ በ125 ሲመነዘር ከ33,000 ብር በላይ። ሰው ሁሉ ያለፈላት መስሎታል። እሷ ግን ሁለት ነገር አስታወሰች። አንደኛ፣ ከሐምሌ 2016 በፊትም ቢሆን ብዙ ሰው የሚልከው በባንክ አልነበረም፤ በጥቁር ገበያ ዶላሩ ቀድሞውኑ መቶን አልፎ ነበር። ሁለተኛ፣ ነጋዴውም ዕቃውን ሲተምን የኖረው በዚያው በጥቁር ገበያ ዋጋ ነው። ስለዚህ በእናቷ ቤት የተጨመረው ብርም፣ በሱቁ ላይ የተጨመረው ዋጋም፣ ከባንኩ ቁጥር የሚጠበቀውን ያህል አይደለም። እሷ ቤት ልትሠራ አስባ ነበርና የምታሰላው በፌሮና በሲሚንቶ ነበር። ፌሮው አምልጧታል።

አንድ የጻፈችው ነገር ግን ለእኔ ዋናው ነው። ሪያድ ውስጥ ዕቃ ስንት እንደሚሸጥ አታውቅም፤ የምትበላውም የምታድረውም አሠሪዎቿ ቤት ነበር። የደመወዟ አቅም የሚለካው በሪያድ ገበያ ሳይሆን በቱሉ ዲምቱ ገበያ ነበር። ገንዘብ አቅሙ የሚታየው በሚወጣበት ቦታ ነው።

ቁጥር 18 ይህን ሴት ከዓረብ አገር ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች ናቸው የመሬትና የቤት ዋጋ የሰቀሉብን ብሎ ወረፋት። ጸያፍ ቃልም ነበረበት፤ አስተባባሪዎቹ ያንን ክፍል አንስተውታል። እሷ በቁጥር 19 አልተሸነፈችም። ዓመታት ሰው ቤት አንገቷን ደፍታ ሠርታ የላከችው ገንዘብ የወንድሞቿ ትምህርት ቤት ክፍያ እንደነበር፣ አንድ ካሬ መሬት እንዳልገዛችና የመሬት ዋጋ ያናሩትን ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ጻፈች። ስድቡን በቀላሉ አላልፈውም። ከሰፈራችን ስንት ቤት በእንደዚህ ዓይነት ሴቶች ላብ ነው የቆመው። ቁጥር 20 ላይ እነዚያው ጋሼ፣ በቁጥር 4 የተቆጡት፣ ጣልቃ ገብተው ልጅቷን አይዞሽ አሉ፣ ሰውየውንም ይቅርታ ጠይቅ አሉት። እስካሁን አልጠየቀም።

ቁጥር 21 ስታትስቲክስ ያጠና ሰው ነው፤ ሥራውም ከዋጋ ጋር የተያያዘ ነው። ስዊድናዊው ጉስታፍ ካሰል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ ገንዘብን በመግዛት አቅሙ የማነጻጸርን ሐሳብ ስም እንደሰጠው ነግሮን፣ ዛሬ ሥራው በአንድ ሳንድዊች እንደማይሠራ አስረዳ። ዓለም አቀፉ የዋጋ ማነጻጸሪያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1968 ተጀምሯል። የ2021 ዙር ውጤቱ በ2024 ግንቦት ሲወጣ 176 አገሮችንና ግዛቶችን አካቷል። እዚያ ሩዝ ተብሎ አይመዘገብም። የእህሉ ዓይነት፣ የፍሬው ርዝመት፣ የእሽጉ ክብደት ተጽፎ ነው ዋጋው የሚሰበሰበው። ለእያንዳንዱ ዕቃም ሕዝቡ በሚያወጣበት መጠን ክብደት ይሰጠዋል። በእኛ አገር የዋጋ መለኪያ ምግብ ከግማሽ በላይ ይይዛል፤ ሀብታም አገር ግን በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ እትዬ ቁጥር 7 የጠየቁት የትኛው ጤፍ የሚለው ጥያቄ ከባለሙያዎቹ ጥያቄ አንድ ነው አለ። እትዬ ይህን አንብበው እንደሆነ አላውቅም፤ አንብበውት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቁጥር 22 ደግሞ ቀጥታ እኔን ነው የጠየቀው። ወንድምህ ከደመወዙ ስንቱን እዚያ ይበላል፣ ስንቱን ይልካል? መልስ ሳይኖረኝ ሁለት ቀን አለፈ። ትናንት ማታ ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለን ደመወዙን በወረቀት ላይ ለሁለት ከፈልነው። እዚያ የሚቀረውን በኪራይ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ መጓጓዣ፣ በሁለት ኪሎ የበቆሎ ዱቄት፣ በወተትና በስልክ ካርድ እንለካዋለን። የሚልከውን ደግሞ እዚህ ባለው በጤፍ፣ በዘይትና በእናታችን መድኃኒት። ለመጀመሪያው ግማሽ የሚያስፈልገንን ዋጋ ኢስትሊ ከተባለው የናይሮቢ ሰፈር ከሚኖር የአክስታችን ልጅ ጠይቀናል፤ ኪራዩን ክፍል በክፍል፣ ውሃና መብራት ይጨምር አይጨምር ለይቶ እንዲነግረን አደራ ብለነዋል። ናይሮቢ የኖረ ወይም ዘመድ ያለው ካለ ኢምባካሲ በተባለው የናይሮቢ ሰፈር አካባቢ ያለውን ኪራይ ከዚህ በታች ይጻፍልን። የውሃውን ጉዳይ የሚጽፍ ደግሞ እባካችሁ ለብቻው ክር ይክፈትለት፤ እኔም እዚያ እጽፋለሁ።